አምፕሊፋየራችንን ማን ሰበረው?

(ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለእኅቶች የቀረበ ንግግር)

እኅቶቼ፣ ፈቃድ አግኝታችሁ የመጣችሁም፣ ማዳም ከልክላችሁ ይህ ወረቀት በእጅ ደርሷችሁ የምታነቡም፣ በያላችሁበት ሰላም ሁኑ።

«ዛሬ አንቺ ተናገሪ» ስባል ስለ ትዕግሥት ወይም ስለ ጸሎት የምናገር የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። የምናገረው ጥግ ላይ ስለቆመው አምፕሊፋየር ነው። አትሳቁ፤ ነገሩ ከእናንተም ከእኔም ጋር ጉዳይ አለው።

ሦስት ዓርብ ያለ ኪቦርድ እንደዘመርን ታውቃላችሁ። ከደማም ወደ ኮባር ስናመጣው አንዲት እኅታችን ደረጃ ላይ ወደቀች፤ ዕቃውም አብሯት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልሰጥ አለ። «እሷ ሰበረችው» ተባለ። ማንም ፊት ለፊት አልነገራትም፤ ግን እኛ ሴቶች ሳንናገር መናገር እንችልበታለን። እኔም ከተናገሩት አንዷ ነኝ። እሷም ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። በኋላ ዕቃውን ከፍቼ ሳየው እሷ እንዳልሰበረችው አወቅሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ለምን እንደከፈትኩት። አንድ ጥገና ቤት ወስደነው «400 ሪያል፤ ዋስትና ግን የለኝም» አሉን። 400 ሪያል ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደሴ አጎቴ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግንበት ሱቅ ነበር የምውለው። የእኔ ሥራ ባትሪ ማብራትና የተፈታውን ብሎን ጣሳ ውስጥ መሰብሰብ ነበር። አጎቴ ሁልጊዜ የሚለኝ ነገር ነበር፦ የወደቀ ዕቃ ሲመጣልሽ አንጎሉን አትመርምሪ፤ መጋጠሚያውን ተመልከቺ። ክብደት የሚንጠለጠልበትን፣ እጅ የሚጎትተውን ቦታ ፈልጊ። የሚሰበረው እዚያ ነው።

የእኛ ዕቃ ለምን እንደሚጎዳም ግልጽ ነው። ሀገር ቤት ሞንታርቦ የምንለው ትልቁ ማጉያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዴ ከተተከለ ማን ይነካዋል? (ሞንታርቦ የጣልያን ፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ግን የማንኛውም ትልቅ ስፒከር ስም አደረግነው።) ከዚህ ከኮባር ደግሞ 25 ኪሎ ሜትሩን ድልድይ ብንሻገር ባህሬን ውስጥ ሕንፃ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ የእነሱም ዕቃ ቦታው የታወቀ ነው። የእኛው ግን ዛሬ ደማም፣ የዛሬ ሳምንት ኮባር ነው። በታክሲ፣ በሊፍት፣ በደረጃ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ክብደቱ ወደ ሀገር ስንገባ እንደምንመዝነው አንድ ሻንጣ ነው፤ ግን እንደ ሻንጣ ጎማ የለውም። አንድ እጀታ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም አናቱ ላይ።

«ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ከዘመርን ማጉያ ለምን አስፈለገ?» ያለችኝ አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘግቶ ንብረቷን ሲወርስ ምእመናኑ በየቤቱ በትንሽ በትንሹ እየሆኑ፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይሰበሰቡ ነበር። ያለ ማጉያም ይዘመራል። የእኛ ኪቦርድ ግን የራሱ ስፒከር የለውም፤ አምፕሊፋየር ከሌለ ዝም ያለ እንጨት ነው። የድምፁን ቁልፍ ከ2 አናሳልፍም፤ ግን ያ 2 ያስፈልገናል።

አሁን የዛሬ ሁለት ወር የሆነውን አስታውሱ። በመዝሙር መሃል ድምፁ ጠፋ። አንዷ «ዝቅ ብሎ ነው» ብላ ቁልፉን ወደ 7 አዞረችው። ገመዱን ነካ ስታደርገው ድምፁ ተመለሰና ቤቱን ሁሉ አናወጠው። ሁላችንም በሩን ነው ያየነው። ያን ቀን የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ዕቃው ያኔ ታሞ ነበር ማለት ነው። ደረጃው ላይ ከመውደቁ ከአምስት ሳምንት በፊት! እኛ ግን ረሳነው።

ስከፍተው ያገኘሁት ይህን ነው።

አንደኛ፣ የኪቦርዱ ገመድ የሚሰካበት ጃክ። ይህ ጃክ በውስጥ በኩል አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ በሶልደር ጠብታ ተይዟል። ገመዱን ስንረግጠው፣ ስንጎትተው፣ ሳንነቅለው አንስተን ስንሄድ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው በዚያች የስንዴ ፍሬ በማታክል ጠብታ ላይ ነው። በጠብታው ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ አየሁ። ስንጥቁ ጠቁሯል። አዲስ ስብራት ያብረቀርቃል፤ የቆየ ይጠቁራል። ይህ የቆየ ነው።

ሁለተኛ፣ ትራንስፎርመሩ። ከስፒከሩ ጋር የዕቃውን አብዛኛውን ክብደት የያዘ የብረት ጉማጅ ነው። በአራት ብሎን ታስሯል፤ አንደኛው ዳዶ የለም። የት ሄደ ብዬ ስፈልግ ስፒከሩ ጀርባ ማግኔቱ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ላዩ ላይ አቧራ ጋግሯል። ትናንት የወደቀ ዳዶ አቧራ አይጋግርም። መኪና ውስጥ ስንጥጥ፣ ደረጃ ላይ «ዷ» አድርገን ስናስቀምጠው ሲላላ ከርሞ ነው የወለቀው። ዕቃ ሲወድቅ ሳጥኑ መሬት ነክቶ ይቆማል፤ ውስጥ ያለው ከባድ ብረት ግን አይቆምም። ሹፌር ድንገት ፍሬን ሲይዝ እኛ ወደፊት እንደምንወረወረው ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ሽቦ ጫፍ ወልቋል። ይህ በመውደቁ የሆነ ይመስለኛል። ግን የሽቦው ጫፍ ከፍቶና ላልቶ ስለነበር በትንሽ ንቅናቄ መውለቁ አይቀርም ነበር።

አራተኛ፣ የሳጥኑ አንድ ማዕዘን ተሰንጥቋል። እንጨቱ ውስጡ ገና ነጭ ነው። ይህ አዲስ ነው። እኅታችን በርግጥ ያደረሰችው ጉዳት ይህችው ማዕዘን ናት። በኮላ የምትጠገን!

እኅቶቼ፣ ዳዊት ታቦቱን ሲያመጣ የሆነውን ታውቃላችሁ። እግዚአብሔር ታቦቱን ሲያሠራ መሸከሚያውንም አብሮ ነው ያሠራው፤ አራት ቀለበት፣ ሁለት የግራር መሎጊያ፣ መሎጊያዎቹም ከቀለበቱ እንዳይወጡ። አያያዙ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። እነሱ ግን በአዲስ ሰረገላ ጫኑት። በሬዎቹ ሲደናቀፉ ዖዛ እጁን ዘረጋ፤ ሞተም። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ዖዛን ብቻ ነበር የማየው። አሁን ግን ሰረገላውን ማን መረጠው እላለሁ። ዳዊት በኋላ ሌዋውያኑን ጠርቶ በመሎጊያ በትከሻቸው አሸከማቸው። ስሕተቱ የአንድ ሰው እጅ ብቻ አልነበረም፤ የሁሉም አያያዝ ነበር። የእኛም እንዲሁ ነው። ያን ቀን በአንድ እጀታ፣ በአባያ፣ በጠባብ ደረጃ፣ 20 ኪሎ የሚያልፍ ዕቃ ለአንዲት ሴት ብቻዋን ሰጥተን እኛ ኪቦርዱንና ምግቡን ይዘን ቀደምናት።

አሁን ወደ ጥገናው። አንዳንዶቻችሁ መሞከር ስለምትፈልጉ በቅደም ተከተል እናገራለሁ። ግን አስቀድሜ ማስጠንቀቂያ።

ስፒናው ሳይነቀል ምንም አይከፈት። ከተነቀለም በኋላ ቆዩ፤ ውስጡ እንደ ትንሽ ጣሳ ያሉ ካፓሲተር የሚባሉ ዕቃዎች ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉ። በቴስተር ለክታችሁ ባዶ መሆናቸውን ሳታዩ እጅ አታስገቡ። ቴስተር የማታውቅ አትክፈት። ውስጡ እንደ አምፖል የሚበራ የመስታወት ቱቦ ያለበት አምፕሊፋየር ካጋጠማችሁ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት፤ በውስጡ ያለው ቮልት ከግድግዳው ይበልጣል፣ ተነቅሎም ይገድላል። የእኛው ቱቦ የለውም።

ለሥራው የገዛሁት መበየጃ፣ ሶልደር፣ ኮላ፣ ብሎንና ዳዶ፣ ሁለት የብረት እጀታ ነው። ቴስተሩን ተውሼ ነው። ሁሉንም ኮባር ቱቅባ ካሉት ሱቆች አገኘሁ፤ 85 ሪያል ፈጀ። መበየጃውን በዐረብኛ «ካዊያ ሊሃም» በሉ፤ የእኛው የልብስ ካውያ ማለት ነው። ሶልደሩን «ቀስዲር ሊሃም» በሉ። «ቀስዲር» ብቻ ካላችሁ እንደ እኔ የኩሽና ፎይል ይሰጣችኋል።

ጃኩን እንዲህ ሠራሁት። የተሰነጠቀውን ጠብታ ላዩን ብቻ ማቅለጥ አይበቃም፤ ቆሻሻው ውስጡ ይቀራል። የድሮውን አቅልጬ አነሳሁ፣ ቦታውን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠረግሁ፣ ከዚያ እግሩንና የሰሌዳውን ክብ አንድ ላይ አሙቄ አዲስ ሶልደር ሰጠሁት። ጥሩ ብየዳ ያብረቀርቃል፣ ወደ እግሩም ተዳፋት ሆኖ ይወጣል። እንደ ጤዛ ኳስ ከሆነ አልያዘም። መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱን አትሳቡ፤ እርሳስ ስላለበት ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ምግብ በሚሠራበት ጠረጴዛም ላይ አትሥሩ።

ከዚያ ዋናው ነገር፦ ጃኩን ከውጭ ከብረቱ ፊት ጋር የሚያስረው ዳዶ ላልቶ ነበር። ሮንዴላ ጨምሬ አጠበቅሁት። አሁን ገመዱ ሲጎተት የሚሸከመው ብረቱ ነው፤ ጠብታው አይደለም። ጠግኖ ይህን መተው ማለት የተቀደደ ልብስ ሰፍቶ ያንኑ ሚስማር ላይ መስቀል ነው።

ለትራንስፎርመሩ ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለበትን ዳዶ ገዛሁ፤ ንቅናቄ አያላላውም። አራቱንም ቀየርኩ። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች እንዳይወዛወዙ በሲሊኮን ከሰሌዳው ጋር አያያዝኩ። ሲሊኮን ስትገዙ ኮምጣጤ የሚሸተውን አትውሰዱ፤ መዳብ ይበላል። የማይሸት አለ። የስፒከሩን ሽቦ ጫፍ በፒንሳ ቀስ ብዬ ጨመቅሁና እስኪጠብቅ ገፋሁት።

ስፒከሩንም ፈተሽኩ። የወደቀ ስፒከር ማግኔቱ ሊንሸራተት ይችላል። ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ ወረቀቱን ከዳርና ከዳር እኩል አድርጋችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉ። በለስላሳው ከሄደ ደኅና ነው። እንደ አሸዋ ካንኮሻኮሸ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ እየተፋቀ ነው፤ ያ በቤት አይጠገንም፣ ስፒከሩ ይቀየራል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእኛው ደኅና ነው።

ማዕዘኑን በእንጨት ኮላ ሞልቼ በገመድ አጥብቄ አሰርኩና አንድ ቀን ሙሉ ሳልነካው ተውኩት። ከውስጥ በኩል ትንሽ ጣውላ ደገፍኩለት። ቀዳዳቸው ሰፍቶ ብሎን የማይዙትን ደግሞ የጥርስ ስንጥር በኮላ ነክሬ ጠቀጠቅሁባቸው፤ ሲደርቅ ቆርጬ ብሎኑን መለስኩ። ይዟል።

በመጨረሻ መሎጊያውን። በግራና በቀኝ አንድ አንድ የብረት እጀታ አስገባሁ። በእንጨት ብሎን ብቻ አይደለም፤ ሳጥኑን በስቶ በሚያልፍ ብሎን፣ ከውስጥ በሰፊ ሮንዴላ። ስፒከሩንና ሽቦውን እንዳልነካ ከመብሳቴ በፊት ለካሁ፤ የእንጨት ብናኙንም ጠረግሁ። አሮጌ ብርድ ልብስ ሰጥታችሁኝ የነበራችሁ፣ ልብሱን ሰፍቼለታለሁ፤ በሁለቱም ጎን ለእጀታዎቹ ቀዳዳ ትቻለሁ።

ከእንግዲህ የሁላችን ሥራ ይህ ነው፤ አንዷ ሁሉን እንዳትሸከም በቃላችሁ ያዙት።

ሁልጊዜ ሁለት ሆነን እንሸከም። ደረጃ ላይ ሦስተኛዋ ከፊት ሆና አባያ እንዳይጠልፋቸው መንገድ ትጥረግ።

ሁሉም ገመድ ሳይነቀል ዕቃው አይነሳ። ስንነቅል ገመዱን አንጎትት፤ ጭንቅላቱን እንያዝ። ስንሰካም የኪቦርዱን ገመድ አንድ ጊዜ በላዩ እጀታ ውስጥ አሳልፈን እንሰካ። ሰው ቢረግጠው እጀታው ይጎተታል፤ ጃኩ አይነካም።

መኪና ውስጥ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ይልቅ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ፊቱ ወደ ወንበሩ መደገፊያ ዞሮ፣ በቀበቶ ይታሰር። በበጋ ሙቀት በተዘጋ መኪና ውስጥ አንተወው።

ከኤሲ ክፍል ወጥቶ እርጥበት ወዳለበት ሙቀት ሲገባ ወዲያው አናብራው። በነሐሴ ከፍሪጅ የወጣ ውሃ ጠርሙሱ እንዴት እንደሚያልበው አይታችኋል፤ የዕቃው ውስጥም እንዲሁ ያልበዋል። በልብሱ ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ይቆይ።

በእርጥብ ጨርቅና በበረኪና አይወልወል። ማን እንደወለወለችው አልናገርም፤ በፍቅር ነው ያደረገችው። በደረቅ ብሩሽ ይበቃል።

ፊውዝ ቢቃጠል በዚያው ቁጥር ይቀየር። ፎይል ወይም ሽቦ አይጠቅለልበት። ስፒናው ሦስት እግር ነው፤ ሦስተኛው ሰው እንዳይነዝር ነው የተሠራው፤ እንዳይቆረጥ፣ ሁለት እግር ባለው መለወጫም አይሰካ። ወደ አሮጌ ሕንፃ ስንገባ ደግሞ ሶኬቱ ስንት ቮልት እንደሆነ እንጠይቅ። በዚህ አገር 127 እና 220 ቮልት አብረው ነበሩ፤ መንግሥት ወደ 230 ቮልት እንዲዞር የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የዕቃችን ጀርባ ያለውን የቮልት መምረጫ በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ፤ ማንም እንዳይነካው።

ድምፅ ከጠፋ መጀመሪያ ቁልፉን ወደ ዜሮ መልሱ፤ ከዚያ ገመዱን እዩ። ይህን ከሁሉ በላይ አትርሱ። ለምን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

ከመጨረሴ በፊት። እኛ በየሰው ቤት ስንሠራ ብርጭቆ ሲሰበር በመጨረሻ የነካው እጅ ነው የሚጠየቀው። ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ ማን እንዳስቀመጠው አይጠየቅም። ከደሞዝ የሚቆረጠው ከእኛው ነው። ይህ እንዴት እንደሚያቃጥል እኔ አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከዚያ ዓርፈን እዚህ ስንመጣ ያንኑ እርስ በርሳችን ማድረጋችን አሳፍሮኛል።

ያን ዳዶ ከማግኔቱ ላይ ባነሳሁ ማታ ለእኅታችን ደወልኩላት። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ያየሁትንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ማዕዘኑንስ እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለች። «እሱ ተጠግኗል» አልኳት። ትመጣ እንደሆነ ስጠይቃት «ማዳም ከፈቀደች» ነው ያለችኝ። ማዳም ናት ወይስ እኛ፣ አላውቅም። ስልኳ ያላችሁ ግን በዚህ ሳምንት ደውሉላት። ስለ አምፕሊፋየሩ አታውሯት፤ ደኅንነቷን ጠይቁ።

ከስብሰባው በኋላ ዕቃውን የሚያወርዱ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ። አንደኛዋ እኔ ነኝ።